ሂዩ ኦወን ቶማስና የተሰበረ አጥንት ጥገና

ሂዩ ኦወን ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1834 በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ተወለደ። ቤተሰቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ በወጌሻነት የታወቀ ነበር። አባቱ ኤቫን ቶማስ በሊቨርፑል ከተማ ብዙ ሕመምተኛ የሚጎርፍለት ወጌሻ ቢሆንም፣ የሐኪምነት ፈቃድ ስላልነበረው በሐኪሞች ይነቀፍ፣ በፍርድ ቤትም ይከሰስ ነበር። ስለዚህም አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማረ። ሂዩ በኤዲንበርግና በለንደን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1857 ፈቃዱን አገኘ። ከአባቱ ጋር ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ከተለየ በኋላ በሊቨርፑል የራሱን ክሊኒክ ከፈተ፤ እሑድ እሑድም ድኾችን ያለ ክፍያ ያክም ነበር።

አጥንት ሲሰበር በመጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል። ቀጥሎም ለስላሳ አገናኝ አካል ይበቅላል፤ ይህም በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንት ይለወጥና በወራትና በዓመታት ቅርጹን ያስተካክላል። ነገር ግን ጫፎቹ ከመጠን በላይ ከተንቀሳቀሱ፣ በቂ ደም ካላገኙ ወይም ቁስሉ ካመረቀዘ አጥንቱ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፤ ያለቦታው ከተያዘም ተጣሞ ይገጥማል። የጭን አጥንት ሲሰበር ደግሞ ኃይለኞቹ ጡንቻዎች ስብራቱን ስለሚስቡት እግሩ ያጥራል፤ የሾለው ጫፍም ሥጋንና የደም ሥርን ሊቆርጥ ይችላል።

በቶማስ እምነት ፈዋሹ ተፈጥሮ ሲሆን፣ የሐኪሙ ድርሻ የተጎዳውን አካል ሳያቋርጡ ለረጅም ጊዜ ማሳረፍ ነበር። ለዚህም ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ሠራተኛ የሚሠሩበት ወርክሾፕ አቋቋመ። በስሙ የሚጠራው የእግር ድጋፍ መጀመሪያ የታሰበው ለጉልበት ሕመም ነበር። በቆዳ የተሸፈነ ቀለበት በብሽሽት ላይ ያርፋል፤ ሁለት የብረት ዘንጎች በእግሩ ግራና ቀኝ ወርደው ከእግሩ በታች ይገናኛሉ። እግሩ ከታችኛው ጫፍ ጋር ተወጥሮ ሲታሰር የጡንቻው ስበት ይመከታል፤ ዘንጎቹም ጭነቱን በቀለበቱ በኩል ወደ መቀመጫ አጥንት ያስተላልፋሉ።

ቶማስ የሆስፒታል ሹመት ሳያገኝ፣ ሐሳቡም ብዙ ሰሚ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ1891 በ56 ዓመቱ ሞተ። ሙያውን ከእርሱ የተማረው የሚስቱ ዘመድ ሮበርት ጆንስ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድጋፉን ለጦር ሜዳ አዋለው። በጦርነቱ መጀመሪያ ጭናቸው በጥይት ከተሰበረው ቁስለኞች የሚሞቱት 80 ከመቶ ይደርሱ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1917 በአራስ ውጊያ፣ የቀዶ ሕክምናው መሻሻልም ረድቶ፣ ቁጥሩ ወደ 16 ከመቶ ገደማ ወረደ።

በዛሬው ዕውቀት ከልክ ያለፈ ዕረፍት መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ጡንቻንም ያከሳል። ስለዚህ አብዛኛው የአዋቂ የጭን ስብራት በውስጥ ብረት ተይዞ ሕመምተኛው ቶሎ እንዲነሳ ይደረጋል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና እስኪደርስ ድረስ እግሩን ወጥሮ የሚይዘው፣ በብዙ ቦታ፣ ዛሬም የቶማስ ቀለበትና ዘንግ ነው።