የኬሚስትሪው ሊቅ የስቫንቴ አሬኒየስ የሕይወት ታሪክ

ደረቅ የገበታ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የተጣራ ውሃም ቢሆን የሚያስተላልፈው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ እንደሌለ ይቈጠራል። ሁለቱ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሲገናኙ ግን አምፖሉ ይበራል። ይህን ሙከራ በላቦራቶሪ ውስጥ ያላየ የከፍተኛ ክፍል ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አምፖሉ ስለ ምን እንደሚበራ በሚገባ ያስረዳው ሰው ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል የስዊድን ተወላጅ ነው። ዳሩ ግን ለዚህ ማስረጃ መሠረት በሆነው ጽሑፉ ከዩኒቨርሲቲው ያገኘው ማርክ ለማለፍ ያህል ብቻ የሚበቃ ነበረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሬኒየስ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1859 ዓ.ም. በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ ቪክ በሚባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽና የርስት አስተዳዳሪ ነበረ። ልጁ ገና በሦስት ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ማንበብ እንደ ጀመረ፥ አባቱም በመዝገብ ላይ ሒሳብ ሲደምር አጠገቡ ቆሞ እያየ ቍጥር እንደ ለመደ ይነገርለታል። በኡፕሳላ በካቴድራሉ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1876 ዓ.ም. ሲጨርስ ከጓደኞቹ ሁሉ በዕድሜ ታናሽ፥ በትምህርት ግን ከፍ ያለ ነበረ። ከዚያም እዚያው ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ፐር ቴዎዶር ክሌቭ በ1879 ዓ.ም. ሆልሚየምና ቱሊየም የተባሉትን ኤሌመንቶች ያገኘ የታወቀ ሰው ነው። ነገር ግን ክሌቭ መመዘንና ማጣራት እንጂ አዲስ የሐሳብ ትምህርት አይወድም ነበር። ወጣቱ አሬኒየስ በፊዚክሱም ትምህርት ስላልረካ በ1881 ዓ.ም. ወደ ስቶክሆልም ሄደና በሳይንስ አካዳሚው ውስጥ በኤሪክ ኤድሉንድ ሥር መሥራት ጀመረ። ሥራውም ጨውንና አሲድን በብዙ ውሃ እያቀጠነ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፉ መለካት ነበረ።

ከእርሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሊቃውንት የጨውን ሞለኪውል የሚከፋፍለው የኤሌክትሪኩ ኃይል ራሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አሬኒየስ ግን ሲለካ አንድ ነገር አየ። ውሃው በበዛ ቍጥር በውስጡ ያለው ያው ጨው ከፊተኛው ይልቅ የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ገና ሳይነካው ከጨው ከፊሉ ለሥራ የተዘጋጀ፥ ከፊሉ ያልተዘጋጀ ሆኖ በውሃው ውስጥ ይኖራል፤ ውሃው ሲጨመርም የተዘጋጀው ክፍል ይበዛል ብሎ ደመደመ። አዲስ ሐሳብ እንዳገኘ ለክሌቭ በነገረው ጊዜ ክሌቭ ነገሩ ደስ የሚያሰኝ መሆኑን ብቻ ተናግሮ ወዲያው እንዳሰናበተው አሬኒየስ ራሱ በኋላ ዘመን ተርኮታል።

በ1884 ዓ.ም. ይህን ሁሉ በፈረንሳይኛ ቋንቋ ጽፎ፥ 150 ገጽ ያህል አድርጎ፥ ለዶክተርነት ማዕርግ አቀረበ። የተሰጠው ማርክ ግን እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ያለው ተስፋ የተቈረጠ መሰለ። ፈታኞቹ ሞኞች ነበሩ ማለት አይቻልም። ጽሑፉ በፊዚክስና በኬሚስትሪ መካከል የወደቀ ነው፤ ደግሞም የተዘጋጀው ክፍል ምን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ገና በግልጽ አልተናገረም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የፈታኞቹ ስሕተት ነገሩን አለመረዳታቸው ሳይሆን፥ ያልተረዱትን ነገር ዋጋ የለውም ብለው መቍጠራቸው ነው። እኛም በዚህ ዓመት ፈተና የምንቀመጥ ተማሪዎች ብንሆን ከዚህ ተነሥተን ዝቅተኛ ማርክ ሁሉ የሊቅነት ምልክት ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

አሬኒየስ ግን ጽሑፉን በውጭ አገር ለሚገኙ ሊቃውንት በፖስታ ላከ። ከእነዚህም አንዱ በሪጋ ከተማ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው። ኦስትቫልድ በአንድ ቀን ሦስት ነገር ደረሰበት፤ ሴት ልጅ ተወለደችለት፥ ጥርሱን ታመመ፥ የአሬኒየስም ጽሑፍ መጣለት። ከሦስቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሣው ጽሑፉ እንደ ሆነ ኋላ ተናግሯል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ኦስትቫልድ የአሲዶችን ብርታት የሚለካው በፍጥነት ነበር፤ ይኸውም አሲዱ አንድን የኬሚካል ለውጥ ምን ያህል እንደሚያፋጥን እየተመለከተ አሲዶቹን በተራ ያሰልፋቸው ነበር። አሬኒየስ ደግሞ ፈጽሞ በሌላ መንገድ መጥቶ፥ ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ አሲድ በሥራውም ፈጣን መሆን አለበት ይላል። ኦስትቫልድ በላቦራቶሪው የነበሩትን አሲዶች አንሥቶ ኤሌክትሪክ ማስተላለፋቸውን ለካ። ተራቸው ከፊተኛው ተራ ጋራ ገጠመ። ከዚህ በኋላ ደብዳቤ አልበቃውም፤ በኦገስት 1884 ዓ.ም. ራሱ ኡፕሳላ ድረስ መጥቶ ለወጣቱ በሪጋ ሥራ እሰጥሃለሁ አለው። የኡፕሳላ መምህራን አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር እነርሱ ዝቅ ያደረጉትን ሰው ፍለጋ መምጣቱን ሲያዩ ምን እንዳሰቡ መገመት አያዳግትም። አሬኒየስ አባቱ ታሞ ስለ ነበረ ትቶት ለመሄድ አልቻለም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በዚያው ዓመት የመምህርነት ቦታ ሰጠው። አባቱ በ1885 ዓ.ም. ሞተ።

በሚከተለው ዓመት ከሳይንስ አካዳሚው የጉዞ ገንዘብ አግኝቶ ወደ ሪጋ፥ ወደ ቩርትስቡርግ፥ ወደ ግራትስና ወደ አምስተርዳም ሄደ። በአምስተርዳም የነበረው ቫንት ሆፍ በውሃ የሟሙ ነገሮችን ሲመረምር፥ ስኳር ለሕጉ ሲታዘዝ ጨው ግን ሁለት እጥፍ ያህል የሆነ ውጤት እያሳየ አስቸግሮት ነበር። አሬኒየስ መልሱን አወቀ። አንዱ የጨው ሞለኪውል በውሃ ውስጥ ሁለት ስለ ሆነ ነው! በ1887 ዓ.ም. ሳይሸሽግ ጻፈው፤ ጨው በውሃ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው አዮኖች ይለያያል። ብዙዎች ተቃወሙት። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚጋይ ብረት፥ ክሎሪንም ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ሆኖ ሳለ፥ ሁለቱ ተለያይተው በጨው ውሃ ውስጥ እንዴት በሰላም ይቀመጣሉ አሉ። መልሱ አዮንና አቶም አንድ አለመሆናቸው ነው፤ ሙሉ ጠባዩን ይለውጠዋል።

ዛሬ በመጽሐፋችን የምናገኘው የአሲድና የቤዝ ትርጓሜ ከዚህ የወጣ ነው። አሲድ በውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ፥ ቤዝም የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። ብርቱ የሆነ አሲድና ብርቱ የሆነ ቤዝ በቀጠነ ውሃ ውስጥ ሲቀላቀሉ፥ አሲዱ ሃይድሮክሎሪክም ይሁን ናይትሪክ፥ የሚወጣው ሙቀት ለአንድ ሞል ውሃ 57 ኪሎጁል ያህል ነው። በአሬኒየስ ሐሳብ ይህ አያስደንቅም፤ በሁሉም ዘንድ የሚፈጸመው ለውጥ አንድ ብቻ ነውና። የኮምጣጤ አሲድ ግን ደካማ ነው። በሊትር 0.1 ሞል ሲሆን ከ1000 ሞለኪውል 13 ያህሉ ብቻ ይለያያሉ፤ ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። እነዚያው 13ቱም ቢሆኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ሲለያይ ሌላው ይገጥማል፥ ቍጥሩ ግን አይናወጥም። የኬሚካል ሚዛን የምንለው ይህ ነው። ኦስትቫልድ በ1888 ዓ.ም. ውሃ ሲጨመር ሚዛኑ እንዴት እንደሚዞር በሒሳብ አሳየ።

በ1889 ዓ.ም. አሬኒየስ ስኳር በአሲድ ኃይል ወደ ሁለት ሌሎች ስኳሮች ሲለወጥ ሙቀት ሥራውን እንዴት እንደሚያፋጥን መረመረ። ብዙ የኬሚካል ለውጦች ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሞለኪውሎቹ ከበፊቱ ይልቅ ስለሚሮጡ ነው እንዳይባል፥ በ20 ዲግሪ አካባቢ 10 ዲግሪ ሲጨመር የሩጫቸው ፍጥነት በመቶ ሁለት ያህል እንኳ አይጨምርም። አሬኒየስ እንዳለው ለመለወጥ የሚችሉት የተለየ ጕልበት ያገኙ ጥቂት ሞለኪውሎች ብቻ ናቸው። ከአንዱ ቈላ ወደ ሌላው ቈላ የሚወርድ መንገደኛ በመካከል ያለውን ደጋ አስቀድሞ መውጣት እንዳለበት፥ ሞለኪውልም እንዲሁ ነው። ሙቀት ሲጨምር ደጋውን ለመውጣት የሚችሉት መንገደኞች እጥፍ ይሆናሉ። የእርሱን ስም የያዘው የሒሳብ ቀመር ይህን ይናገራል፤ እኔም ከሥራው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

በ1895 ዓ.ም. ያለ ተቃውሞ ባይሆንም በስቶክሆልም ፕሮፌሰር ሆነ። በሚከተለው ዓመት በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እጥፍ ቢሆን ምድር 5 ወይም 6 ዲግሪ እንደምትሞቅ በእጁ አስልቶ አሳተመ። ይህን ያደረገው የጥንቱ የበረዶ ዘመን እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ነው እንጂ የዛሬውን ችግር አስቦ አልነበረም። በ1903 ዓ.ም. የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ከስዊድን ሰዎች የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ። የኬሚስትሪው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ማን ነበር ቢሉ ያው ክሌቭ ነው፤ ሽልማቱንም ለቀድሞው ተማሪው ደግፏል።

እንግዲህ የቀረውን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በ1906 ዓ.ም. የኮሚቴው አብዛኞቹ አባሎች ሽልማቱ የኤሌመንቶችን ሰንጠረዥ ላወጣው ለሩሲያዊው ለሜንዴሌዬቭ እንዲሰጥ ፈልገው ነበር። አካዳሚው ግን ለፈረንሳዊው ለሙዋሳን ሰጠ። ሜንዴሌዬቭ የአዮኖችን ትምህርት ከተቃወሙት አንዱ ነበረ፤ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎችም አሬኒየስ በአካዳሚው ውስጥ ባለው ተሰሚነት እንደ ተከራከረበት ይጽፋሉ። ሜንዴሌዬቭ በ1907 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳይሸለም ሞተ። ደግሞም አሬኒየስ በ1922 ዓ.ም. በስዊድን የዘር ምርመራ ተቋም እንዲቆም ከደገፉት ሊቃውንት አንዱ ነበረ። በጥቂት ፈታኞች ፍርድ ወድቆ የነበረ ሰው የሰውን ዘር ለመመዘን እንዴት ደፈረ? ይህን ሳነብ አዝኛለሁ።

የአሲድ ትርጓሜውም ጠበበ፤ አሞኒያ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ ሳይኖረው ቤዝ ነውና። በ1923 ዓ.ም. ብሮንስቴድና ላውሪ፥ ሳይመካከሩ፥ አሲድ ፕሮቶን የሚሰጥ ቤዝም የሚቀበል ነው ብለው አሰፉት።

አሬኒየስ ከ1905 ዓ.ም. ጀምሮ በስቶክሆልም የኖቤልን የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም ሲያስተዳድር ቈይቶ በኦክቶበር 2 ቀን 1927 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በኡፕሳላ ነው።