ቲፑ ሱልጣን፦ የብረት ሮኬት ባለቤት

ዛሬ ከሄሊኮፕተርና ከሰው አልባ አውሮፕላን የሚተኮሱ ፀረ-ታንክ ሚሳኤሎች ዒላማቸውን ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ለይተው ይመታሉ። ህንድ የሠራችው ሄሊና የተሰኘ ሚሳኤል ከሄሊኮፕተር ተተኩሶ እስከ 7 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሲሆን፣ የታንኩን ሙቀት በሚለይ መሣሪያ እየተመራ ይጓዛል። በዚያችው ሀገር ከሁለት ክፍለ ዘመናት በፊት፣ መሪ መሣሪያ የሌለውን ሮኬት በብረት ቱቦ አስሠርተው የዘመኑን ኃያል ጦር ያስጨነቁ አንድ ገዥ ነበሩ። እኚህ ሰው የማይሶሩ ቲፑ ሱልጣን ናቸው።

ቲፑ የተወለዱት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደቡብ ህንድ ደቫናሃሊ በተባለች ስፍራ ነው። ስማቸው በአርኮት ከተቀበሩት ቲፑ መስታን አውሊያ ከተባሉ የሱፊ ወልይ የተወሰደ ነው። አባታቸው ሀይደር ዓሊ ከወታደርነት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1761 የማይሶርን ሥልጣን የጨበጡ፣ ማንበብና መጻፍ ግን ያልተማሩ ሰው ነበሩ። ለራሳቸው ያላገኙትን ለልጃቸው አልነፈጉም፤ ቁርኣንን፣ ፊቅህን፣ ዓረብኛንና ፋርስኛን ከፈረስ ግልቢያና ከጦር ስልት ጋር አስተማሯቸው። ቲፑ ከእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያው ጦርነት ሲሰለፉ ገና ወጣት ነበሩ።

ሮኬት በእስያ አዲስ ነገር አልነበረም። ሆኖም ባሩዱ የሚታሸገው በወረቀት ወይም በቀርከሃ ስለነበር፣ ግፊቱ ሲበረታ ቱቦው ይቀደድ ነበር። የማይሶር አንጥረኞች ቱቦውን ከብረት ቀጠቀጡት። ብረቱ ከፍተኛ ግፊት ስለሚችል ባሩዱ ይበልጥ ይታመቃል፤ ሮኬቱም ይበልጥ ይርቃል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ቱቦ ከ1 ሜትር በላይ በሆነ ቀርከሃ ላይ ይታሰራል፤ ቀርከሃው በበረራው ሚዛኑን ይጠብቅለታል። አንዳንዱም በቀርከሃ ፈንታ በሰይፍ ላይ ይታሰር ነበር። እንዲህ ያለው ሮኬት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ፈትሑል ሙጃሂዲን የተሰኘው የቲፑ የጦር መመሪያ ለእያንዳንዱ ብርጌድ 200 ሮኬተኞችን መደበ። ሮኬተኞቹም የቱቦውን ስፋትና የዒላማውን ርቀት አገናዝበው የመተኮሻውን ማዕዘን እንዲወስኑ ይሠለጥኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1780 በፖሊሉር ሜዳ የኮሎኔል ዊሊያም ቤይሊ ጦር በሀይደር ዓሊና በቲፑ ሠራዊት ተከበበ። በውጊያው መካከል የእንግሊዞቹ የጥይት ጋሪዎች ፈነዱ፤ ለፍንዳታው ሮኬቶች ምክንያት እንደሆኑ ይነገራል። ቤይሊ ተማረከ፤ በእስርም ሳለ ሞተ። ከምርኮኞቹ መካከል ዴቪድ ቤርድ የተባለ ወጣት መኮንን ነበረ። እርሱም በማይሶር ዋና ከተማ በስሪራንጋፓትና አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታሰረ።

ሀይደር ዓሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1782 ጦርነቱ ሳያበቃ ሞቱ። መንበሩን የወረሱት ቲፑ እ.ኤ.አ. በ1784 በማንጋሎር ሁለቱም ወገኖች የያዙትን መሬት የሚመልሱበትን ውል ተፈራረሙ። በሰላሙም ጊዜ የሐር ትል እርባታን አስፋፉ፤ በሙስካት የንግድ ቤት ከፈቱ፤ ወደ ኢስታንቡል ኸሊፋ ወደ ቀዳማዊ አብዱልሐሚድና ወደ ፈረንሳዩ ንጉሥ ወደ 16ኛው ሉዊ መልእክተኞችን ላኩ። ከሁለቱም ክብር እንጂ ጦር አላገኙም። አገዛዛቸውም ያለ ነቀፋ አልነበረም። በማላባርና በኩርግ ያመፁባቸውን ሕዝቦች በጭካኔ ቀጡ፤ ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቀሉ፤ ሃይማኖታቸውንም በግድ አስለወጡ። በአንጻሩ የማራታ ወታደሮች የስሪንጌሪን የሂንዱ ቤተ መቅደስ በዘረፉ ጊዜ ለማደሻው ገንዘብና ስጦታ የላኩት እርሳቸው ነበሩ። የህንድ ምሁራን እስከ ዛሬ ስለ እርሳቸው የሚከራከሩትም ሁለቱም ገጽታዎች እውነት ስለሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1791 ሎርድ ኮርንዋሊስ ማራታዎችንና የሃይደራባዱን ኒዛም አስከትሎ ዘመተ። ሮኬቱ የጠላትን ፈረስና ዝሆን ያስደነብር እንጂ የሦስት መንግሥታትን ኅብረት ሊበትን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1792 ቲፑ የግዛታቸውን ግማሽ አጡ፤ ከ3 ክሮር ሩፒ በላይ የጦር ካሳ ሊከፍሉ ተገደዱ። ውሉ እስኪፈጸም ድረስም ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ታላቁ ገና 10 ዓመት የሆነውን፣ መያዣ አድርገው ለእንግሊዞች አስረከቡ። ልጆቹ ወደ አባታቸው የተመለሱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ናፖሊዮን ግብፅን በያዘ ጊዜ ለቲፑ የጻፈው ደብዳቤ በመንገድ ላይ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። እንግሊዞችም ዳግመኛ ዘመቱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1799 በከተማይቱ አቅራቢያ አርተር ዌልስሊ፣ ኋላ የዌሊንግተን መስፍን የተባለው፣ በሌሊት ያደረገው ጥቃት በሮኬትና በጠመንጃ ተኩስ ከሸፈ። ይሁን እንጂ ግንቦት 2 ቀን የእንግሊዞች ተኩስ በምሽጉ ውስጥ የሮኬት ማከማቻ መትቶ ታላቅ ፍንዳታ አስነሣ። በማግሥቱ ግንቡ ተናደ። ግንቦት 4 ቀን ቲፑ ምሳ ቀርቦላቸው ሳለ ታማኝ የጦር አዛዣቸው ሰይድ ጋፋር በመድፍ መገደሉን ሰሙ። ማዕዱን ትተው ወደ ምሽጉ ወጡ። በዚያች ቀን ሠራዊቱን እየመራ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ፍርስራሹ የገባው ያ የቀድሞ እስረኛ ዴቪድ ቤርድ ነበረ። ከሹማምንቱ አንዱ ሚር ሳዲቅ ደመወዝ ይከፈላል በሚል ሰበብ ወታደሮችን ከግንቡ አንሥቷል ተብሎ እስከ ዛሬ በከዳተኛነት ይታወሳል። ሲመሽ የቲፑ አስከሬን በወንዙ በር አጠገብ ከወደቁት መካከል ተገኘ። በማግሥቱም ከአባታቸውና ከእናታቸው ጎን ተቀበሩ።

ሮኬቶቹ ግን ከባለቤታቸው በኋላ ብዙ ተጓዙ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ኮንግሪቭ ከእነርሱ ተምሮ የራሱን ሮኬት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1807 በኮፐንሃገን ከተማ ላይ እሳት የዘነበው በዚሁ መሣሪያ ነው። ኋላም ዊሊያም ሄል እንጨቱን አስወግዶ ሮኬቱ በራሱ እየተሽከረከረ ሚዛኑን እንዲጠብቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1868 ከቦምቤይ ተነሥቶ ኢትዮጵያ የገባው የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ ሜዳ በአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ላይ ሮኬቶችን ሲተኩስ፣ የማይሶር አንጥረኞች ሐሳብ በሌላ እጅ ከአፍሪካ ተራሮች ደርሶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 በካርናታካ ግዛት ሺቫሞጋ አውራጃ ከአንድ የደረቀ የውኃ ጉድጓድ ከ1,000 በላይ የብረት ሮኬቶች ተቆፍረው ወጡ። ዝገት በልቷቸዋል፤ በውስጣቸው ግን ለጦርነት ታስቦ የታመቀው ባሩድ ቅሪት አሁንም ነበረ።