ጋብርኤል አኖ፦ ሐሳቡ በባልደረቦቹ ብርታት የተሳካለት ጋዜጠኛ

በየከተማው ወጣቱ ተሰብስቦ የሚመለከተው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ መነሻው የአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ነው። የሐሳቡ አፍላቂ ፈረንሳዊው ጋብርኤል አኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ተወለደ። ለብሔራዊ ቡድኑ 12 ጊዜ ተሰልፎ ከተጫወተ በኋላ የአውሮፕላን አደጋ ከሜዳ ቢያርቀውም፣ ብዕር አንሥቶ ከኳስ ጋር ያለውን ቁርኝት ቀጠለ።

በ1954 መገባደጃ የእንግሊዙ ዎልቭስ የሃንጋሪውን ሆንቬድ 3 ለ 2 ረታ። የእንግሊዝ ጋዜጦች አሸናፊውን የዓለም ቁንጮ አድርገው ሲያወድሱ፣ አኖ ክለቦች በደርሶ መልስ ጨዋታ ሊፈተኑ እንደሚገባ ሌኪፕ በተሰኘው ጋዜጣ ላይ ጻፈ።

ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። ባልደረባው ዣክ ፌራን የውድድሩን ደንብ በማርቀቅ አገዘው፤ የጋዜጣው ኃላፊ ዣክ ጎዴም ከጎናቸው ቆመ። የእግር ኳስ ማኅበራቱ ሲያመነቱ፣ ጋዜጠኞቹ በ1955 የክለብ መሪዎችን ፓሪስ ላይ ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ ዩኤፋ ኃላፊነቱን ተረከበ፤ ውድድሩም በዚያው ዓመት ሊዝበን ላይ ተጀመረ። በ1956 ሪያል ማድሪድ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ።

አኖ በ1968 አረፈ። የዘራውን ዘር ግን ባልደረቦቹ በደቦ አርመው፣ ኮትኩተው ለፍሬ አብቅተውታል።