ከጅማ አስተዳደር እስከ አፈ ንጉሥነት

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የአፈ ንጉሥ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ሐሙስ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ የምንወርድ ብዙዎች ነን፤ እኚህ ሰው ጅማን አስተዳድረው እንደነበር የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

ታከለ የተወለዱት በ1892 ዓ.ም. ገደማ ሸዋ ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው በተፈሪ መኮንን ዘንድ ማገልገል ጀመሩ። ጅማ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ለማዕከላዊው መንግሥት እየገበረች በአባ ጅፋር ቤት ትተዳደር ነበር። በዚያ ዓመት ይህ ሥርዓት ሲያበቃ፣ ያን ጊዜ ብላታ የነበሩት ታከለ አስተዳደሩን እንዲመሩ ወደዚህ ተላኩ።

ጣሊያን ሲወር የአዲስ አበባ ከንቲባ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲሄዱ አጥብቀው ተቃወሙ። ራሳቸው ዱር ገብተው በአርበኝነት ተዋጉ። ከድል በኋላም ቢሆን የንጉሡን ወደ ዙፋን መመለስ አልደገፉም። ከዚህ ወዲያ ሕይወታቸው በሹመትና በእስር መካከል ሆነ፤ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ ምክትል አፈ ንጉሥ ሆኑ፣ እንደገና ለዓመታት ታሰሩ፣ ከዚያም ወጥተው ዋናው አፈ ንጉሥ ሆኑ።

ታዲያ አፈ ንጉሥነት ምን ነበር? በ1934 ዓ.ም. በወጣው የዳኝነት አዋጅ መሠረት አፈ ንጉሡ የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት የበላይ ነበሩ። በታች ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ይግባኝ እያለ የሚደርሰው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ የቀረው የንጉሡ ዙፋን ችሎት ብቻ ነበር። ዘመኑም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጡበት ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዳኞች በሥራቸው ነጻ መሆናቸውን ደንግጎ ነበር። የሚሾማቸው ግን ንጉሡ ነው። የሰውን ሁሉ ይግባኝ ሲሰሙ የኖሩት አፈ ንጉሥ በ1954 ዓ.ም. በሤራ ተጠርጥረው ሲታሰሩ ይግባኝ ለማን ይበሉ? ከሳቸው በላይ የነበረው ያው ያሳሰራቸው ዙፋን ነበር። ዓመታት ታስረው ወጡ። በመጨረሻም በንጉሡ ላይ አሢረዋል ተብለው ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር በቤታቸው ተኩስ ገጥመው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ።

የሳቸውን መንገድ ሁሉ ትክክል ነው አንልም። ጠመንጃ የይግባኝ ምትክ አይሆንም። ነገር ግን የሚሰማ ሲጠፋ ሰው ወዴት እንደሚገፋ ታሪካቸው ያሳያል። በሕግ ከተወሰደች በቅሎ ይልቅ ያለ ሕግ የተወሰደች ጭብጦ ታንገበግባለች የሚሉት አበው ለዚህ ነው።

እኛስ? ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ በየክፍላችን ዳኞች ነን። ውጤት የምንሰጠው፣ ጥፋተኛውን የምንለየው፣ ከክፍል የምናስወጣው እኛው ነን። አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ፣ መምህር፣ ይሄ ማርክ ልክ አይደለም ብሎ ሲመጣ፣ ሂድ ወደ ቦታህ ከማለታችን በፊት ወረቀቱን እንደገና እንየው። ተሳስተን ከሆነም እናርመው። ለዚያ ልጅ ከኛ በላይ የሚደርስበት ችሎት የለምና።