ሰንበትን ያከበረው ሯጭ፣ ልጆችን ያልተወው መምህር

የትንሣኤን በዓል በምናከብርበት በዚህ ሰሞን፣ እሑድ ስለ ምን ሰንበተ ክርስቲያን እንደ ተባለች ማስታወስ ተገቢ ነው። ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሞትን ድል አድርጎ የተነሣባት ዕለት ናትና ምእመናን ከሥራቸው ዐርፈው በጸሎትና በምጽዋት፣ የታመመውን በመጠየቅና የታሰረውን በመጎብኘት ያከብሯታል። ይህችን ዕለት አከብራለሁ ብሎ ዓለም የሚመኘውን ክብር የተወ፣ በኋላም ስለ ልጆች ፍቅር ራሱ ያጠረውን አጥር የከፈተ አንድ መምህር በሃያኛው ምዕተ ዓመት ነበረ። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ባይሆንም ሕይወቱ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ሁሉ የሚያስተምረው ስላለ ታሪኩን ዛሬ ለአንባቢያን እናቀርባለን። ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤሪክ ሄንሪ ሊድል የተወለደው በጃንዋሪ 16 ቀን 1902 በሰሜን ቻይና በቲያንጂን ከተማ ነው። አባቱና እናቱ ከስኮትላንድ ሄደው በለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር ሥር የሚያገለግሉ ነበሩ። ስድስት ዓመት ሲሆነው ከታላቅ ወንድሙ ከሮብ ጋር በለንደን አካባቢ በሚገኝ የሚስዮናውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ ወላጆቹም ወደ ቻይና ተመለሱ። ስለዚህ የልጅነት ዘመኑን አብዛኛውን ያሳለፈው ከአባትና ከእናቱ ርቆ ነው። ከወላጅ ተለይቶ ማደግ ምን እንደሚመስል በራሱ ሕይወት ያወቀው ነገር በመሆኑ አንባቢ ይህን በልቡ እንዲይዝ እናሳስባለን።

በ1920 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሳይንስ ትምህርት ተማረ። በራግቢ ጨዋታ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ሰባት ጊዜ ተሰለፈ። በ1923 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ከተማ በተደረገ የ440 ያርድ ውድድር ገና ከመነሻው ተገፍቶ ወደቀ፤ ነገር ግን ተነሥቶ ሁሉን ተከታትሎ ደረሰባቸውና አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በፓሪሱ የ1924 ኦሎምፒክ የ100 ሜትሩን ወርቅ ያገኛል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት።

ሆኖም የ100 ሜትሩ ማጣሪያ የሚደረገው እሑድ ጁላይ 6 ቀን ሆነ። ሊድልም በሰንበት አልሮጥም አለ። በ1981 የወጣውና የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር የተባለው ፊልም ይህን ወሬ ወደ ፓሪስ ሲሳፈር እንደ ሰማ አድርጎ ያሳያል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። የውድድሩን መርሐ ግብር ከወራት አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ውሳኔውም በድንገት የመጣ ስሜት ሳይሆን በጸጥታ ታስቦበት የተደረሰበት ነው። ፍጻሜያቸው እሑድ በዋለው በዱላ ቅብብል ውድድሮችም አልተሰለፈም። የ100 ሜትሩን ወርቅ የአገሩ የብሪታንያ ሯጭ ሃሮልድ አብርሃምስ ወሰደ። ሊድል በ200 ሜትር ሦስተኛ ወጣ። በጁላይ 11 ቀን ዓርብ ግን ዋና ሩጫው ባልነበረው በ400 ሜትር በመጨረሻው የውጭ መስመር ተሰልፎ በ47 ነጥብ 6 ሴኮንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ።

በዚያው ወር ከዩኒቨርሲቲው ሲመረቅ የኤዲንብራ ተማሪዎች የቅጠል አክሊል የደፋውን ጓደኛቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በከተማው አዞሩት። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ዝናውን ይዞ በአገሩ ይኖር ነበር። እርሱ ግን በ1925 ወደ ተወለደባት ቲያንጂን ተመልሶ በአንግሎ ቻይና ኮሌጅ የሳይንስ መምህርና የስፖርት አሠልጣኝ ሆነ። ሚንዩዋን የተባለው የከተማዋ ስታዲየም ሲሠራ ምክሩን ሰጥቷል። በ1932 በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ለአገልግሎት ተሾመ። በ1934 ከካናዳ ሚስዮናውያን ቤተ ሰብ የተወለደችውንና የነርስነት ትምህርት የተማረችውን ፍሎረንስ ማኬንዚን አገባ፤ ፓትሪሺያና ሄዘር የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በ1937 ጃፓን በቻይና ላይ ጦርነት ስትከፍት ማኅበሩ ሻኦቻንግ ወደተባለ የገጠር ጣቢያ ላከው። ወንድሙ ሮብ በዚያ ሐኪም ነበር። ሚስቱና ልጆቹ በቲያንጂን ቀሩ። በሁለት ጦር መካከል በተያዙት መንደሮች በእግርና በብስክሌት እየተዘዋወረ አገለገለ፤ በአንድ ወቅት የቆሰሉ ሁለት ሰዎችን ከሞት አፋፍ አንሥቶ በጋሪ ወደ ሆስፒታል አድርሷል።

በ1941 አደጋው እየከፋ ሲሄድ ፍሎረንስ ሦስተኛ ልጅ ፀንሳ ነበር። ባልና ሚስቱ ተመካክረው እርሷ ከልጆቹ ጋር ወደ ካናዳ እንድትሄድ፣ እርሱም ሥራውን አጠናቅቆ እንዲከተላቸው ወሰኑ። ሞሪን የተባለችው ልጅ በካናዳ ተወለደች። አባቷ ግን አላያትም። ጦርነቱ በመላው ፓስፊክ ተስፋፍቶ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፤ በ1943ም ጃፓኖች ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋር ዌይሺየን በተባለ ስፍራ አሰሩት። በቀይ መስቀል በኩል ለቤተ ሰብ የሚላከው መልእክት ከ25 ቃላት እንዳያልፍ የተወሰነ ነበር።

በዚያ የእስር ሰፈር ከአንድ ሺህ አምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች በጠባብ ስፍራ ታጉረው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል ከአዳሪ ትምህርት ቤታቸው በጅምላ የተወሰዱ፣ ወላጆቻቸው በሌላ ስፍራ የቀሩ ብዙ ልጆች ነበሩ። ሊድል የልጅነቱን ናፍቆት በእነዚህ ልጆች ላይ ያየ ይመስለናል። የቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት ሥዕል እየሣለ ኬሚስትሪ አስተማራቸው፤ ጨዋታና ውድድር አዘጋጀላቸው፤ የተሰበረ የሆኪ ዱላ ጠገነላቸው፤ ለሽማግሌዎችና ለድውያንም ውኃና የድንጋይ ከሰል ተሸከመላቸው። ልጆቹ አጎት ኤሪክ ይሉት ነበር፤ በእኛ አነጋገር ጋሼ እንደ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ፈተና መጣበት። ሊድል እሑድ ጨዋታ አላዘጋጅም ብሎ ነበር። ልጆቹ ግን ሥራ ፈትተው ስለሚሰለቹ አንድ እሑድ ያለ ዳኛ ሆኪ ተጫውተው በጠብ ተለያዩ። በቀጣዩ እሑድ ሊድል ራሱ ወደ ሜዳው ወርዶ ዳኛ ሆነ። የወርቅ ሜዳልያ ያላስለወጠውን አቋም የልጆች ጠብ አስለወጠው። ይህን ሰው ሰንበትን ሻረ ልንለው ይገባልን? እኛስ አይመስለንም። በፓሪስ ሩጫውን የተወው ለራሱ የሚያገኘውን ክብር ስለ ናቀ ነው፤ በዌይሺየን ሜዳ የወረደው ግን ለራሱ ምንም ሳይፈልግ ልጆችን ለማስታረቅ ነው። ጌታችንም በሰንበት ድውያንን እየፈወሰ ያስተማረው የሰንበት ክብር ከምሕረት ጋር እንደማይጣላ ነው።

በ1945 መጀመሪያ ራስ ምታት ጸናበት፤ እርሱም የሥራ ብዛት ያመጣው ድካም መስሎት ነበር። በፌብሩዋሪ 21 ቀን ለሚስቱ አጭር ደብዳቤ ጽፎ በዚያው ዕለት በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ደዌው የአንጎል ዕጢ እንደ ነበረ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ፍሎረንስ መርዶውን የሰማችው በሜይ ወር ነው፤ ሰፈሩም በኦገስት 17 ቀን ነጻ ወጣ። እርሷም በነርስነት እየሠራች ሦስቱን ልጆቿን አሳደገች። በ1991 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ከስኮትላንድ የተጫነ የግራናይት ድንጋይ መታሰቢያ በሰፈሩ ስፍራ አቆመለት።

ይህን ታሪክ ስናነብ የሚከብድ ጥያቄ ይቀራል። ለሌሎች ልጆች አባት የሆነው ሰው ለገዛ ልጆቹ አባትነቱን በዐይናቸው ሳያሳያቸው ሄደ። እርሱ መርጦ ሳይሆን ጦርነት በሩን ዘግቶበት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም የመሥዋዕቱን ዕዳ አብራ የከፈለችው ሚስቱ ናት። ስለዚህ የመምህሩን ስም ስናነሣ የፍሎረንስንም ስም አብረን ማንሣት ይገባናል።

ዛሬ ከጾሙ በኋላ በማዕድ ዙሪያ የተሰበሰብን አባትና እናት ከልጆቻችን ጋር መሆናችንን እንደ ቀላል ጸጋ አንየው። በዓሉ ያለ ወላጅ የሚውልባቸው ልጆች በየሰፈራችን አሉና ከማዕዳችን እንጥራቸው፤ ሰንበትን ማክበር ከዚህ ይጀምራል። እግዚአብሔር በዓሉን የሰላምና የፍቅር ያድርግልን።