ውጊያውን ረትቶ በጦርነቱ የተረታው ሃኒባል

የዓለምን ታሪክ ስናገላብጥ ስማቸው ሲነሣ አንድ ነገር ብቻ ትዝ የሚለን ሰዎች አሉ። ሃኒባል ከነዚህ አንዱ ነው። ስሙ ሲጠራ ዝሆንና በረዶ የለበሰ ተራራ ዓይናችን ላይ ድቅን ይላል። እውነት ነው፣ ዝሆን ይዞ የአልፕስን ተራሮች ተሻግሯል። ዳሩ ግን የሕይወቱ ቁም ነገር ዝሆኖቹ ላይ አይደለም። ይህ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ያህል በጠላቱ አገር ላይ ሲዋጋ ኖሮ፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ የሮማ ጦር በትልቅ ውጊያ ሊሰብረው አልቻለም። በመጨረሻ ግን ጦርነቱን ተሸነፈ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለግድግዳ ጋዜጣችን የመረጥነው ጥያቄ ይኸው ነው። ነገ ክፍል ገብተን ስናስተምር ነቃ ያለ ተማሪ የሚጠይቀንም ይህንኑ ይመስለናል።

አስቀድመን ስለ ዘመን አቆጣጠሩ አንድ ቃል እንበል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ዘመኑ ወደ እኛ እየቀረበ ነው ማለት ነው።

የሃኒባል አገር ካርቴጅ በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ የቱኒዚያ ዋና ከተማ ቱኒስ ባለችበት አጠገብ ነበረች። ከጢሮስ በመርከብ የመጡ ፊንቄያውያን ቆረቆሯት፤ የጥንቱ ትውፊት ዘመኑን 814 ያደርገዋል። ካርቴጅ በባሕር ንግድ የበለጸገች ከተማ ናት። ጦርነት ሲመጣባት ከዜጎቿ ይልቅ በገንዘብ የተቀጠሩ የውጭ ወታደሮችን ማዝመት ትመርጥ ነበር። ተቀናቃኟ ሮማ ግን ጦሯን የምታቆመው ከገበሬዎቿና በጣልያን ምድር ከነበሯት ተባባሪ ከተሞች ነው። ይህን ልዩነት ልብ እንበል፤ ኋላ ይመለስብናል።

ሁለቱ ከተሞች ከ264 እስከ 241 ድረስ ተዋጉ። ካርቴጅ ተሸነፈች፣ የሲሲሊን ደሴት አጣች፣ ካሣም ተጣለባት። በዚህ ላይ ደመወዛቸውን ያልተከፈሉ ቅጥረኞቿ ዐመፁባት። በቁስል ላይ እንጨት ይሏል ይኼ ነው፤ ሮማም ይህን ችግሯን አይታ ሰርዲኒያን ነጠቀቻት።

ሃኒባል የተወለደው በዚህ ሁሉ መሐል፣ በ247 ነው። አባቱ ሃሚልካር ባርካ የታወቀ የጦር አዛዥ ነበር። በ237 ሃሚልካር አዲስ ሀብትና አዲስ ወታደር ፍለጋ ወደ ስፔን ሲዘምት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞት ሄደ። ከመሄዳቸው በፊት ሕፃኑን መሠዊያ ላይ እጁን አስጭኖ ለሮማ መቼም ወዳጅ እንዳይሆን አስማለው እየተባለ ይነገራል። ልጁ ያደገው ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። አባቱ ሞተ፣ ቀጥሎ አዛዥ የሆነው የእኅቱ ባል በ221 ተገደለ። ሠራዊቱም ሃኒባልን መረጠ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ከተራ ወታደር ጋር የሚበላ፣ ከዘበኞች መካከል መሬት ላይ የሚተኛ አዛዥ እንደነበር ጠላቶቹ ሳይቀሩ መስክረውለታል።

በ219 የሮማ ወዳጅ የነበረችውን የስፔን ከተማ ሳጉንቱምን ከበበ። ከተማይቱን ለመያዝ ስምንት ወር ፈጀበት። በ218 ሁለተኛው ጦርነት ታወጀ። ሮማውያን ጦርነቱን በስፔንና በአፍሪካ ለማድረግ አስበው ነበር፤ በባሕሩም ላይ ጌቶቹ እነሱ ናቸው። ሃኒባል ግን ማንም ባልጠበቀው መንገድ፣ በየብስ፣ ጣልያን ድረስ ሊሄድባቸው ተነሣ።

የፒሬኔን ተራሮች ሲያልፍ 50,000 እግረኛና 9,000 ፈረሰኛ ነበረው። 37 ዝሆኖቹን የሮንን ወንዝ ያሻገረው አፈር በተነሰነሰበት ታንኳ መሳይ መሻገሪያ ነው፤ ዝሆኖቹ መሬት ላይ የቆሙ እንዲመስላቸው ተብሎ። አልፕስ ሲደርስ ወራቱ ገፍቶ በረዶ መጣል ጀምሯል። የተራራው ሰዎች ከላይ ድንጋይ ይለቁበታል፣ መንገዱ ተንዶ ገደል ይሆናል፣ ወታደሩ እየቆፈረ ያልፋል። ተራራውን በአሥራ አምስት ቀን ጨረሰው። ሜዳው ላይ ሲወርድ የቀረው 20,000 እግረኛና 6,000 ፈረሰኛ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር የምናውቀው ሃኒባል ራሱ በደቡብ ጣልያን ቤተ መቅደስ ውስጥ በነሐስ ሰሌዳ አስቀርጾት፣ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ ስላየው ነው። በነገራችን ላይ ዝሆኖቹ ከመጀመሪያው ክረምት አልዘለቁም፤ በ217 የቀረው አንድ ብቻ ነበር። የዚያን ዓመት ረግረግ ሲያቋርጥ ሃኒባል የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጣ።

ድሉ ግን ተከታተለ። በ218 መጨረሻ በትሬቢያ ወንዝ፣ በ217 በትራሲሜኖ ሐይቅ ዳር የሮማን ጦር ደመሰሰ። በሐይቁ ዳር ጭጋግ ለብሶ አድፍጦ ጠበቃቸውና 15,000 ያህል ሰው ገደለባቸው። ሮማውያን ደንግጠው ፋቢዩስ የሚባል ብልህ ሰው ሾሙ። ፋቢዩስ ፊት ለፊት መግጠሙን ትቶ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ስንቅ ማሳጣትን መረጠ። ሕዝቡ ግን ይህን እንደ ፍርሃት ቆጥሮ ሰለቸው። በሚቀጥለው ዓመት 80,000 እግረኛ አሰለፉና ካኔ ከሚባል ስፍራ መጡ።

የካኔ ውጊያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 2 ቀን 216 ተደረገ። ሃኒባል የነበረው 40,000 እግረኛና 10,000 ፈረሰኛ ያህል ነው፤ በእግረኛ በግማሽ ያንሳል። እስቲ አሰላለፉን በሰሌዳ ላይ እንደምንሥለው አድርገን እንየው። መሐሉን ወደ ፊት እንዳበጠ ቅስት አድርጎ ጎሎችንና የስፔን ወታደሮችን አቆመ። ግራና ቀኝ ጥጉን ለአፍሪካ እግረኞቹ ሰጠ። ሮማውያን በብዛታቸው ተማምነው መሐሉን ገፉት። መሐሉም ሳይበጠስ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቅስቱ ወደ ውስጥ ሲጎብጥ ሮማውያን ስልቻ ውስጥ እንደሚጨመር እህል ገብተው ታጨቁ። ያን ጊዜ አፍሪካውያኑ ከግራና ከቀኝ ዞሩባቸው። የሮማን ፈረሰኛ አባርሮ የጨረሰው የሃኒባል ፈረሰኛ ደግሞ በጀርባ መጣባቸው። ከመሐል ያለው ወታደር እጁን ማንሻ እንኳ አጣ። የሞተውን ሰው የሮማው ሊቪዮስ ወደ 48,000፣ ፖሊቢዮስ ደግሞ ወደ 70,000 ያደርሱታል። በአንድ ቀን! ይህ ስልት በየአገሩ ባሉ የጦር ትምህርት ቤቶች ሲጠና የኖረ ነው።

ታዲያ ለምን በማግስቱ ሮማ አልገባም? ከእኛ መካከል ይህን ነገር አንሥተን ስንከራከር ሁለት ወገን ሆነናል። አንዱ ወገን የፈረሰኛ አዛዡ መክሮት እንደነበረው ወዲያው መገስገስ ነበረበት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሮማ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቅ እንደነበር፣ ጠንካራ ግንብ እንዳላት፣ ግንብ መስበሪያ መሣሪያም እንዳልያዘ ያነሣል። ትንሿ ሳጉንቱም እንኳ ስምንት ወር ፈጅታበት የለ?

እኛ ግን ከሁለቱም በላይ የሚመዝን ነገር አለ እንላለን። የሃኒባል ዓላማ ሮማን ማጥፋት አልነበረም፤ ተባባሪዎቿን ከእሷ ነጥሎ ለሰላም እንድትለምን ማድረግ ነበር። ማስረጃው ግልጽ ነው። ከየውጊያው በኋላ የሮማን ተባባሪዎች ምርኮኛ ያለ ቤዛ ይለቅ ነበር። በ215 ከመቄዶንያው ንጉሥ ከፊልጶስ ጋር ያደረገው ውልም ከጦርነቱ በኋላ ሮማ አገር ሆና እንደምትኖር የሚያስብ ነው።

እንግዲህ የታሪኩ መታጠፊያ የካኔ ቀን ሳይሆን ከካኔ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ሮማ ውስጥ ለቅሶ ያልገባበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። የሮማ ሸንጎ ግን ሐዘን ከሠላሳ ቀን እንዳያልፍ ደነገገ። የሃኒባልን መልእክተኛ ከተማው ሳይገባ መለሰው። ለምርኮኞቹም ቤዛ አልከፍልም አለ። ወታደር ሲያጥረው 8,000 ባሮችን በመንግሥት ገንዘብ ገዝቶ አስታጠቀ። በደቡብ እንደ ካፑዋ ያሉ ትልልቅ ከተሞች ቢከዱም፣ የመካከለኛው ጣልያን ተባባሪዎች አብዛኞቹ ንቅንቅ አላሉም። ፖሊቢዮስ እንደሚለው ሮማና ተባባሪዎቿ ከጦርነቱ በፊት ለጦር ሊያሰልፉ የሚችሉት ሰው ከ700,000 በላይ እግረኛና 70,000 ፈረሰኛ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል ተረቱ?

በሃኒባል በኩልስ? ከአገሩ የደረሰለት ርዳታ ጥቂት ነው። የካርቴጅ ባለጸጎች እርስ በርስ የተከፋፈሉ ነበሩ፤ ለስፔን የብር ማዕድን የሚያስቡትን ያህል ጣልያን ላለው ጦር አላሰቡም። ሮማ በ211 ካፑዋን መልሳ ያዘች። በ207 ወንድሙ ሃስድሩባል ርዳታ ይዞለት ሲመጣ ሜታውሮ ወንዝ ላይ ተገደለ። ሃኒባል የወንድሙን ሞት ያወቀው ሮማውያን ራሱን ቆርጠው ከሰፈሩ ሲጥሉለት ነው።

በዚህ መሐል ስኪፒዮ የሚባል ወጣት የሮማ አዛዥ የሃኒባልን ስልት ተምሮ ስፔንን ነጠቀ፤ በ204ም አፍሪካ ወረደ። ካርቴጅ በ203 ልጇን ከጣልያን ጠራችው። በ202 ዛማ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። አሁን 80 ዝሆን ያለው ሃኒባል ነው፤ ነገር ግን ምርጡ የኑሚዲያ ፈረሰኛ ከንጉሡ ከማሲኒሳ ጋር ለሮማ ተሰልፏል። ስኪፒዮ በሰልፉ መካከል መተላለፊያ ትቶ ዝሆኖቹን አሳለፋቸው፤ በመጨረሻም ፈረሰኛው በጀርባ መጥቶ ሃኒባልን በካኔው ዘዴ መታው። ካርቴጅ በ201 ታረቀች። ካሣው 10,000 መክሊት ብር፣ የሚከፈለውም በሃምሳ ዓመት ነው። የጦር መርከቦቿ ከአሥር እንዳይበልጡ፣ ያለ ሮማ ፈቃድም እንዳትዋጋ ተደረገ።

ብዙ ጊዜ ትረካው እዚህ ላይ ያበቃል። ለእኛ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጥብናል። ሃኒባል በ196 ሱፌት፣ ማለትም የካርቴጅ የበላይ ሹም፣ ሆኖ ተመረጠ። ሰይፉን አስቀምጦ መዝገብ ገለጠ። ካሣው ከድሃው በግብር ሊሰበሰብ ታስቦ ነበር። እሱ ግን ሒሳቡን ሲመረምር የሕዝብ ገንዘብ በሹማምንት እንደሚመዘበር ደረሰበት። የተመዘበረው ቢመለስ አዲስ ግብር ሳይጣል ካሣው እንደሚከፈል አሳወቀ። ዕድሜ ልክ ይቀመጡ የነበሩት ዳኞችም በየዓመቱ እንዲመረጡ ሕግ አወጣ። ሥራው ፍሬ አፈራ፤ ከተማይቱ በ191 የሃምሳ ዓመቱን ዕዳ በአንድ ጊዜ ልክፈል ብላ ጠየቀች። ሮማ እንቢ አለች፤ የፈለገችው ገንዘቡን ሳይሆን ቀንበሩን ነበራ!

ሃኒባል ግን ይህን ለማየት አገሩ ላይ አልቆየም። ጥቅማቸው የተነካባቸው ባለጸጎች ለሮማ ወነጀሉት። ድል ያደረገው ስኪፒዮ እንኳ በሸንጎ ፊት ሮማ በዚህ ነገር መግባቷን ሲቃወም፣ የገዛ አገሩ ሰዎች አሳልፈው ሰጡት። በ195 የሮማ መልእክተኞች ሲመጡ በሌሊት በመርከብ አመለጠ። ጢሮስ፣ ከዚያ ኤፌሶን፣ ከንጉሥ አንጥያኮስ ዘንድ ሄደ። አንጥያኮስ በሮማ ሲሸነፍ ወደ ቀርጤስ፣ ከዚያም በዛሬዪቱ ቱርክ ወደምትገኘው ቢቲንያ ተሰደደ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በ183 ገደማ የሮማ መልእክተኛ አስረክቡኝ ብሎ ሲመጣ ቤቱ ተከበበ። በስልሳዎቹ ዕድሜ የነበረው ሽማግሌ እጁን ከመስጠት መርዝ መጠጣትን መረጠ።

ካርቴጅም ብዙ አልቆየችም። ከሦስት ዓመት ከበባ በኋላ በ146 ሮማውያን አቃጠሏት፤ የተረፈውን 50,000 ያህል ሰው በባርነት ሸጡት። መሬቷ ላይ ጨው ተዘራ የሚባለው ግን ኋላ የመጣ ወሬ ነው፤ ከጥንት ጸሐፊዎች አንድም የጻፈው የለም። የከተማይቱን መጻሕፍት ሮማውያን ለአፍሪካ ነገሥታት አደሉ። ለራሳቸው ያስቀሩትና ያስተረጎሙት ማጎ የተባለው ካርቴጃዊ ስለ እርሻ የጻፋቸውን 28 መጻሕፍት ነው። የሃኒባልን ሕይወት ካርቴጃውያን ራሳቸው ጽፈውት ቢሆን እንኳ አልደረሰንም። የምናውቀው ሁሉ በሮማውያንና ከሮማ ጋር በኖሩ ግሪኮች ብዕር ያለፈ ነው። ጭካኔውን ሲያበዙበትም፣ ጀግንነቱን ሲያገንኑለትም፣ የሚጽፉት ድል ያደረጉት ናቸው።

ስለዚህ ነገ ሰሌዳው ላይ 216፣ 202፣ 146 ብለን ዓመታቱን ስንጽፍ፣ ከጎናቸው ሁለት ጥያቄ ብንጨምር እንላለን፤ ከውጊያው በስተጀርባ ማን ከማን ጋር ቆሞ ነበር? ይህንንስ የጻፈው ማን ነው? በካኔው ክርክር ላይ የምትሉት ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን ጽሑፋችሁን ብታደርሱን ከዚሁ ሥር እንለጥፈዋለን።