ሻምበል አበበ ቢቂላ ከዘመኑ ሯጮች ጋር ቢሰለፍ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚያቀናው መንገድ የመንዝን ጓሳ ሰንጥቆ ያልፋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ስፍራ በጓሳ ሣሩ፣ በጭላዳ ዝንጀሮውና በቀይ ቀበሮው የሚታወቅ ሲሆን፣ የአካባቢው ኅብረተሰብ ከአባቶቹ በወረሰው ደንብ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ሀብት ነው። ለስፍራው እንግዳ የሆነ ሰው ጥቂት አቀበት እንደወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚህ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነውና። በደጋው ተወልዶ ያደገው እረኛ ግን ይህንኑ አቀበት በየዕለቱ ይመላለስበታል።

ከጓሳ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በዚያው በሸዋ ደጋ መንዲዳ አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም አንድ ሕፃን ተወለደ። ዕለቱ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተካሄደበት ቀን ነበር። ሕፃኑ ከ28 ዓመታት በኋላ የዓለምን የማራቶን ታሪክ የሚለውጠው አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ ከዚህ ዓለም ከተለየ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ይሁንና ስሙ በተነሳ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ሳይቀር የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። አበበ ከዛሬዎቹ ሯጮች ጋር ቢሰለፍ ያሸንፍ ነበርን? የሚለው ነው። የቦክስ አፍቃሪዎች ስለ ጆ ሉዊስና ስለ መሐመድ አሊ ተመሳሳይ ክርክር ያደርጋሉ። እንዲያውም እ.ኤ.አ በ1970 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በታየ ፊልም፣ በኮምፒዩተር ስሌት መሠረት ሮኪ ማርሲያኖ መሐመድ አሊን በ13ኛው ዙር በዝረራ እንዲያሸንፍ ተደርጎ ነበር። ቦክሰኛ ግን ለመጪው ትውልድ የሚተወው የሰዓት ቁጥር የለውም። ሯጭ አለው። በመሆኑም የአበበን ጉዳይ ከስሜት ወጥቶ መመርመር ይቻላል።

አበበ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። በሠራዊቱ ውስጥ ስፖርት ሲሠራ በስዊድናዊው አሰልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ዓይን ገባ። እ.ኤ.አ በ1960 በአዲስ አበባ በተካሄዱ የማጣሪያ ውድድሮች በአንደኛው 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ በመግባት፣ ኤሚል ዛቶፔክ በሔልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ሰዓት አስመዘገበ። ይህ የሆነው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ መሆኑ ውጤቱን ይበልጥ የሚያስደንቅ ያደርገዋል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በሮም ጎዳናዎች የሆነው በመላው ዓለም የታወቀ ነው። የቀረቡለት ጫማዎች ስላልተመቹት አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ከተጓዘ በኋላ፣ ከኢትዮጵያ ተዘርፎ በሮም የቆመው የአክሱም ሐውልት በሚገኝበት አደባባይ በኩል አልፎ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨመረ። በችቦ ብርሃን በደመቀው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲገባ፣ የዓለምን ፈጣን ሰዓት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ።

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም በክብር ዘበኛ መኮንኖች የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈ ጊዜ፣ የሠራዊቱ አባል የነበረው አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። ከዚያም ወደ ልምምዱ ተመልሶ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ አሸነፈ። እ.ኤ.አ በ1963 በቦስተን አምስተኛ ወጣ።

ታላቁ ውጤቱ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ የተመዘገበው ነው። ውድድሩ አርባ ቀን ያህል ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ የሮጠው አበበ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት ክብረ ወሰኑን በድጋሚ ያዘ። ሁለተኛውን እንግሊዛዊ ቤዚል ሂትሊን በ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ቀድሞ ነበር። ተከታዮቹ እስኪደርሱ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ በአድናቆት ያየው ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም ከዓለም ቀዳሚው ሆነ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። እ.ኤ.አ በ2023 ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም በቺካጎ 2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ገብቷል። ይህም ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ11 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጥናል። አበበ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሲሸፍን፣ ኪፕተም በ2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሸፍኗል። ሁለቱ በአንድ ጎዳና ቢሮጡ ኪፕተም ሲጨርስ አበበ ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይቀረው ነበር ማለት ነው። በዚያው በ2023 በበርሊን ኢትዮጵያዊቷ ትዕግሥት አሰፋ ያስመዘገበችው 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድም ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ18 ሰከንድ የተሻለ ነው። ሰዓት አያዳላምና ይህን እውነት መካድ ተገቢ አይደለም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን ሙሉ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። የዛሬው ሯጭ ለፍጥነት በተመረጠ ጎዳና፣ ፍጥነቱን በሚያስተካክሉለት አሯሯጮች ታጅቦ፣ የሚጠጣው ፈሳሽ በልኬት ተዘጋጅቶለት ይሮጣል። የጫማው ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። እ.ኤ.አ በ2017 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት የካርቦን ዝርግ የተገጠመለት አዲስ ጫማ ሯጩ የሚያወጣውን ኃይል በ4 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ፍጥነቱ በዚያው መጠን ያድጋል ማለት ባይሆንም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የዓለም አትሌቲክስም እ.ኤ.አ በ2020 የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር መገደቡ የጉዳዩን ክብደት ያመለክታል። አበበ በሮም አንዲት ሚሊ ሜትር ሶል አልነበረውም።

የተሻለው መመዘኛ አሯሯጭ በሌለበት በኦሊምፒክ መድረክ የሚገኘው ውጤት ነው። አበበ በቶኪዮ ያስመዘገበው ሰዓት በ1972 በሙኒክ፣ በ1992 በባርሴሎና እና በ1996 በአትላንታ ያሸነፉት ሯጮች ካስመዘገቡት የተሻለ ነበር። ገዛኸኝ አበራ እ.ኤ.አ በ2000 በሲድኒ ሲያሸንፍ የፈጀበት 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ከ36 ዓመት በፊት ከነበረው የአበበ ሰዓት በሁለት ደቂቃ ብቻ የፈጠነ ነው። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ በ2024 በፓሪስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በሆነ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲያሸንፍ ተከታዩን የቀደመው በ21 ሰከንድ ነበር። ከቶኪዮ እስከ ፓሪስ በተካሄዱት የወንዶች ኦሊምፒክ ማራቶኖች ሁሉ ተከታዩን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ያሸነፈ አልተገኘም።

እንግዲህ በ1957 ዓ.ም የነበረው አበበ በነበረው ልምምድና ጫማ ዛሬ ቢሰለፍ ከፊተኞቹ ጎራ አይደርስም። ያው ሰው በዚህ ዘመን ተወልዶ የዛሬውን ሥልጠና፣ ምግብና ጫማ ቢያገኝ ግን ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይሰለፍ ነበር ብሎ ማመን ማጋነን አይሆንም። በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ያን ያህል ርቆ የወጣ ሰው ብቃት በጊዜው ከነበረው ቁሳቁስ የመነጨ አልነበረምና።

የአበበ የመጨረሻ ዓመታት ከሩጫው ያልተናነሰ ፈተና ነበረባቸው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ፣ የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወርቁን አስገኘ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት ሸኖ አካባቢ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገልብጣ ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ከእንቅስቃሴ ውጪ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም ዳግም መራመድ አልቻለም።

ከስፖርት ግን አልራቀም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በኖርዌይም ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ በውሾች የሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጨምሮ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሸኝቶታል።

አበበ ከተሰለፈባቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን አሸንፏል። ክብረ ወሰኖቹ በሙሉ ተሰብረዋል፤ ክብረ ወሰን የሚያዘው ለመሰበር ነውና። ከእሱ በኋላ በላይነህ ዲንሳሞ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለና ሌሎችም በዚያው ጎዳና ተሰልፈው ሰዓቱን እየቀነሱ ሄደዋል። የዛሬዎቹ ሯጮች አበበን በሰዓት ቀድመውታል። የሮጡት ግን እሱ በባዶ እግሩ በከፈተው መንገድ ላይ ነው።